ምርጡ ስንዴ የት ነው ምርጥ? 1,165 ማሳዎች ስለ ዱረም ስንዴ ያሳዩት

ደጋ ላይ ስንዴ የሚዘራ ሰው «የኛ አየር» ሲል ስለ ወረዳው አያወራም፤ ስለ ማሳው ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ገመገሙ ላይ ያለው ማሳ አፈሩ ስስ ስለሆነ ዝናብ ለ10 ቀን ቢቋረጥ ይጠወልጋል። ከሥሩ ረባዳው ላይ ያለው መረሬ ደግሞ ነሐሴ ላይ ውኃ ይተኛበትና የሰብሉ ሥር ይታፈናል። ጥቅምት ላይ ውርጭ ሲወርድ የሚመታው ረባዳውን ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ስለሚፈስ ተዳፋቱን ብዙ ጊዜ ይምረዋል። እነዚህ ሁሉ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ውስጥ ያሉ ልዩነቶች ናቸው።

የአየር ንብረት ለውጡ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል፤ በየ10 ዓመቱ 0.28 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አንዱን ለሌላው ብናካፍል፣ አንድ ሰብል የለመደውን ሙቀት ሳያጣ ለመኖር በየ10 ዓመቱ 47 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሰሜኑ ደጋ 47 ሜትር ሽቅብ ማለት የጎረቤት ማሳ ነው። ሰብሉ መሰደድ ካልቻለ ዘሩ ይቀየራል፤ ጥያቄው በየትኛው ዘር ይቀየር የሚለው ነው።

የተለመደው መልስ ከምርምር ጣቢያ ይመጣል። ጣቢያው ብዙ ዝርያ ጎን ለጎን ይዘራል፣ ምርቱን ይመዝናል፣ በአማካይ የበለጠውን ይለቃል። እዚህ ላይ «በአማካይ» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ትደብቃለች። በጣቢያ ያለው መደብ ደልዳላ ነው፣ ማዳበሪያው በልኩ ይገባል፣ አረሙ በጊዜው ይነቀላል፣ የሚዘራውም በቀኑ ነው። የበሬ ጥንድ ተራ ጠብቆ፣ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ፣ ግማሽ ማዳበሪያ በትኖ የሚዘራው ሰው ማሳ ላይ ያው ዝርያ ሌላ ሰብል ሊሆን ይችላል። አንደኛና አምስተኛ የነበሩት ቦታ ሲለዋወጡ ከጣቢያው ሚዛን ላይ አይታይም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ክፍተት በቁጥር ለመያዝ የተደረገ አንድ የምርምር ተከታታይ ነው። ሥራውን በጋራ የያዙት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ በጣሊያኗ ፒሳ ከተማ የሚገኘው የሳንታና የከፍተኛ ትምህርት ተቋምና ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ብዝሀነት ምርምር ድርጅት ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ አጋሮችም ነበሩበት። ሰብሉ ዱረም ነው፤ ብዙዎች «ማካሮኒ ስንዴ» የሚሉት።

ለምን ዱረም?

የዳቦ ስንዴ ገበያውን ከመያዙ በፊት ደጋው የሚያውቀው ስንዴ በአብዛኛው ይህ ነበር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ሲሰበስብ በጣም ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት ነበር፤ ሐምራዊ ፍሬ ያለው ሁሉ ነበረው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ የዛሬው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው፣ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የስንዴ ናሙናዎችን በብዛት ይዟል። ናሙና ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ከመካከሉ የትኛው ለየትኛው ማሳ እንደሚሆን ማወቅ ሌላ ነው። ብልቃጡ ላይ የተሰበሰበበት ቦታና ቀን ይጻፋል እንጂ ዝናቡ መስከረም 5 ቢያቆም ምን እንደሚሆን አይጻፍበትም።

ዝርያ ማጥበብ ምን እንደሚያስከትል ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ሲነሳ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን በሰፊው የተዘሩ የዳቦ ስንዴዎች አወደማቸው። እነሱን እንዲተካ የተስፋፋው ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ቢቋቋምም፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በባሌና በአካባቢው አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ጣለው። ይህ ማለት የአርሶ አደሩ ነባር ዝርያ ሁሉ ዋግ አይነካውም ማለት አይደለም፤ በጣም የሚነካው አለ። ግን ሁሉም በአንድ ቀን በአንድ በሽታ አይወድቅም።

400 ዝርያ፣ 60 ዳኛ

የመጀመሪያው እርምጃ 400 ዝርያዎችን በሁለት ቦታ መዝራት ነበር፦ ትግራይ ውስጥ ሐገረ ሰላም፣ አማራ ክልል ውስጥ ገረገራ። አብዛኞቹ ነባር የአርሶ አደር ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ በይፋ የተለቀቁ ምርጥ ዘሮችም ተጨምረዋል። ተመራማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው 10 ነገር ለኩ፦ አበባ እስኪያወጣና እስኪደርስ የወሰደውን ቀን፣ ቁመቱን፣ የዛላውን ርዝመት፣ በዛላ ያለውን የፍሬ ብዛት፣ የ1,000 ፍሬ ክብደትን፣ ምርቱንና የመሳሰለውን።

አዲስ የነበረው ጎን ለጎን የሄደው ሥራ ነው። በየቦታው 30፣ በድምሩ 60 አርሶ አደሮች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ መደብ በመደብ እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። የተጠየቁት አራት ነገር ነው፦ ቶሎ መድረሱን፣ የዛላውን ሁኔታ፣ ከአንድ ዘር የሚያወጣውን የግንድ ብዛት፣ በመጨረሻም «በጥቅሉ እንዴት ታየዋለህ? እንዴት ታይዋለሽ?» የሚለውን። እያንዳንዱ ዝርያ በየቦታው ሁለት ጊዜ ስለተዘራ አንድ ሰው 800 መደብ ላይ 3,200 ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። በ60 ሲባዛ 192,000 ይሆናል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

እዚህ ላይ ጥርጣሬ ያለው አንባቢ ትክክል ነው። 800 መደብ ያየ ሰው ይደክመዋል፤ ከሰዓት የሰጠው 3 ጠዋት ከሰጠው 3 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ የሰጠውን ሰምቶም ሊደግም ይችላል። ይህን ማጣራት የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ያው ዝርያ ሁለተኛው መደብ ላይ ሲመጣ ያው ሰው ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጠዋል ወይ? ሁለተኛው፣ ነጥቡ ከዝርያው ዘረመል ጋር ይሄዳል ወይ? የአርሶ አደሮቹ ፍርድ ሁለቱንም ፈተና አልፏል። የሚደገምና ከዘረመል ጋር የሚሄድ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ አንዳንዴ በሜትርና በሚዛን ከተለካው ይልቅ የጸና ነበር።

ሌላው ግኝት የሴቶችና የወንዶች ምርጫ ሙሉ በሙሉ አለመገጣጠሙ፣ የሁለቱ ቦታዎችም እንዲሁ መለያየቱ ነው። ይህ ገጠር የኖረን ሰው አያስደንቅም። ስንዴ ማለት ኩንታል ብቻ አይደለም፤ ለከብት የሚሆን ገለባ ነው፣ ለቆሎና ለንፍሮ የሚሆን ፍሬ ነው፣ ድፎው ሲጋገር የሚያዝ ሊጥ ነው፣ ክረምቱን የሚያሻግር ቶሎ የሚደርስ እህል ነው። ለየቱ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው በቤቱ ውስጥ የየትኛው ሥራ ባለቤት እንደሆኑ ነው። አንድ የዝርያ ኮሚቴ «አርሶ አደሩ ይህን ይመርጣል» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን አርሶ አደር ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዘረመሉ ተነበበ፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ ከ80,000 በላይ ምልክቶች ላይ። ጥያቄው «ይህን ባሕርይ የሚወስነው የትኛው የዘረመል ቀጠና ነው?» የሚል ነበር። በተመራማሪዎቹ መለኪያ 30 ቀጠናዎች ተገኙ። በአርሶ አደሮቹ ነጥብ 124። ሁለቱም በጋራ ያመለከቱት 20ውን ብቻ ነው። እንግዲህ ከ124ቱ 104ቱ በሜትሩና በሚዛኑ አልፈው የሄዱ፣ በአርሶ አደሩ ዓይን የተያዙ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ እያንዳንዱ ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ትንተና የሚወጣ ቀጠና «ይሆናል» ተብሎ የሚያዝ ነውና በሌላ ሥራ መረጋገጥ አለበት። ቢሆንም ለዘር አዳቃዩ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ገበሬ ዛላውን በእጁ መዝኖ «ይህ ጥሩ ነው» ሲል ርዝመቱን፣ ጥግግቱን፣ የፍሬውን ሙላትና የአንገቱን ጥንካሬ አንድ ላይ እያነበበ ነው፤ ለዚያ የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም።

ከጣቢያ ወደ ማሳ

ሁለተኛው ደረጃ ሙከራውን ራሱን ወደ ማሳ አወጣው። ዘዴው በብዙ አገር የሚሠራበት ሲሆን ሐሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ አርሶ አደር 40 ዝርያ ሰጥቶ አወዳድር ማለት አይቻልም፤ መሬቱም ጊዜውም የለውም። ሦስት ግን ይችላል። እያንዳንዱ ገበሬ ከጠቅላላው ውስጥ በዕጣ የወጡ ሦስት ዝርያዎችን ያገኛል፤ ስም የለባቸውም፣ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብቻ። በራሱ ማሳ፣ በራሱ አሠራር፣ ጎን ለጎን ይዘራቸዋል። በመጨረሻ የሚጠየቀው «ከሦስቱ የትኛው በለጠ? የትኛው አነሰ?» ነው። የቀረው መካከለኛ ይሆናል፤ በሁለት መልስ የሦስቱ ደረጃ ታወቀ።

ነጥብ ከመስጠት ይልቅ ደረጃ ማውጣት የተመረጠበት ምክንያት አለው። አንዱ ገበሬ ቸር ነው፣ ለሁሉም 5 ይሰጣል፤ ሌላው ቆጣቢ ነው፣ ከ3 አያልፍም። ደረጃ ግን ቸርና ቆጣቢ አያውቅም፤ ሦስቱን መደርደር ነው።

ሦስት ሦስት እየተሰጠ እንዴት ሁሉም ይወዳደራል ለሚል፦ ዝርያዎቹ 40 ናቸው እንበል። ከ40 ውስጥ ሦስት ሦስት የመምረጫ መንገዱ 9,880 ነው። 1,165 ገበሬ ቢሳተፍ 3,495 መደብ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ዝርያ በአማካይ 87 ማሳ ላይ ይታያል፣ በየጊዜው ከሌሎች ጋር። «ሀ» «ለ»ን በአንድ ቦታ ከበለጠው፣ «ለ» ደግሞ «መ»ን በሌላ ቦታ ከበለጠው፣ «ሀ» እና «መ» አንድ ማሳ ላይ ባይገናኙም ስሌቱ ያገናኛቸዋል። የእግር ኳስ ሊግ ሁሉም ከሁሉም ሳይጫወት ሠንጠረዥ እንደማውጣት ነው።

ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ስለሚመዘገብ፣ በዚያ ወቅት በዚያ ቦታ የነበረው ሙቀትና ዝናብ ከሳተላይት መረጃ ተወስዶ ከደረጃው ጋር ይያያዛል። ያኔ የሚጠየቀው «የቱ ያሸንፋል?» መሆኑ ይቀርና «ሌሊቱ ሲበርድ የቱ ያሸንፋል? ዝናቡ ሲያጥር የቱ?» ይሆናል። ለአየር ንብረት ለውጥ መላመድ የሚጠቅመው ይኸኛው ጥያቄ ነው።

አንዲት ፓኬት

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ግን በዘር ፓኬቱ ላይ ነው። ስለዚህ እሱን ቀረብ ብለን እንየው። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ለማሳያ የተሰሉ ናቸው፤ ተመሳሳይ ሙከራ ማካሄድ የሚፈልግ የወረዳ ባለሙያ እንደ መነሻ ሊይዛቸው ይችላል።

አንድ መደብ 4 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ 10 ካሬ ሜትር ይሁን። ለስንዴ በሄክታር 150 ኪሎ ዘር ከተያዘ ለ10 ካሬ ሜትር 150 ግራም ይደርሳል። በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ሲተው 12 መስመር ይወጣል፤ ለአንድ መስመር 12.5 ግራም። የ1,000 ፍሬው ክብደት 40 ግራም ከሆነ ይህ 312 ፍሬ ገደማ ነው፣ በ4 ሜትር ውስጥ በየ1.3 ሳንቲ ሜትር አንድ ፍሬ። የፋንታ ጠርሙስ ክዳን መስፈሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ መጀመሪያ በሚዛን ስንት ክዳን 12.5 ግራም እንደሚሆን ማየት ብቻ ነው። ፍሬያቸው ትልቅና ትንሽ የሆኑ ዝርያዎች ስላሉ ለየዝርያው ለየብቻ ይለካ።

ፓኬቱ ከመታሸጉ በፊት የብቅለት ሙከራ ግድ ነው። ከእያንዳንዱ ዝርያ 100 ፍሬ በረጠበ ጨርቅ ወይም ሶፍት ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ እርጥበቱ እየታየ ከ7 እስከ 8 ቀን ይቆይና ጤነኛ ሥርና ቡቃያ ያወጣው ይቆጠራል። ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ከዘር ባንክ የመጣ አሮጌ ናሙና 70 ከመቶ ሊበቅል ይችላል፤ ዓምና የተባዛው 90። ሁለቱ እኩል 150 ግራም ቢሰጣቸው አንደኛው ሳስቶ ይወጣል፣ ገበሬውም በሐቅ «ይህ ያነሰ ነው» ይላል። የተፈተነው ዝርያው ሳይሆን መጋዘኑ ሆነ። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ አባዝቶ ማደል ነው። ያ ካልተቻለ ክብደቱን ማስተካከል፦ 150 በ90 ተባዝቶ ለ70 ሲካፈል 193 ግራም ይሆናል። ሁለተኛው መላ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ያረጀ ዘር ቢበቅልም ጉልበቱ ደካማ ነውና።

የፓኬቱ ላይ ጽሑፍ በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። አንድ ወረቀት ከውጭ፣ አንድ ከውስጥ። መደቡ ላይ የሚተከለው ምልክት እንጨት ከሆነ ለማገዶ ይነቀላል፣ ያሸበረቀ ፕላስቲክ ከሆነ ልጆች ይወስዱታል። ስለዚህ መደቦቹ የተዘሩበትን ቅደም ተከተል ከመንገዱ ወይም ከቤቱ በኩል ጀምሮ በወረቀት ላይ ሥሎ ማስቀመጥ ከማንኛውም ችካል ይበልጣል።

ሌሎች የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ገበሬው ከሦስቱ አንዱን ገና ከፍሬው መልክ ወዶት ፍግ ያለበትን የጓሮ አፈር ይሰጠዋል፤ ሦስቱ አንድ ላይ፣ ከአጥርና ከዛፍ ጥላ ርቀው፣ ከተዳፋቱ አኳያ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሳይሆኑ መዘራት አለባቸው፤ ውኃና አፈር ወደ ታች ስለሚሄድ ታችኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ወፍ ደግሞ ቶሎ የደረሰውን ትፈልጋለች፤ በአካባቢው ሌላ የደረሰ ሰብል ሳይኖር 10 ካሬ ሜትር ብቻዋን ቢጫ ስትሆን የወፍ ድግስ ትሆናለች። ቶሎ መድረስ ድርቅን የሚያመልጥበት ዋና ባሕርይ ስለሆነ፣ ልጅ ካልጠበቀው ሙከራው የሚፈለገውን ዝርያ ራሱን ይቀጣል። ደግሞም ውቂያ። ሦስቱ በአንድ አውድማ በአንድ ቀን ከተወቁ አውድማው በየመካከሉ መጠረግ አለበት፤ በጆንያ ከረጢት ውስጥ በዱላ መውቃቱ ለዚህ መጠን ይቀላል።

ውጤቱ

የ1,165ቱ ማሳዎች ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ያነጻጸረው ሁለት መንገድ ነው። አንዱ የተለመደው፦ በጣቢያ የተገኘውን ውጤትና የዝርያውን ዘረመል ይዞ በገበሬው ማሳ ምን እንደሚሆን መተንበይ። ሌላው ዘረመሉን፣ የገበሬዎቹን ደረጃና የየማሳውን የአየር ሁኔታ አንድ ላይ ይዞ መተንበይ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን የትንበያ ትክክለኛነት በእጥፍ ሊያሳድግ እንደሚችል ታየ። ከአንድ ወቅት ወደ ሌላም ሲሄድ ለአካባቢው የተስማሙትን ዝርያዎች መለየት ቻለ።

እጥፍ ማለት ፍጹም ማለት አይደለም፤ ግን የምርምር ገንዘብ የት ይፍሰስ ለሚለው ክርክር ይህ ከባድ ማስረጃ ነው። ያም ሆኖ ጣቢያው ይዘጋ የሚል መደምደሚያ አይወጣበትም። የዋግ ምርመራ፣ ማዳቀል፣ ዘርን በንጽህና ማባዛት በጣቢያ የሚሠራ ነው፤ ገበሬ ማሳ ላይ ሆን ብሎ ዋግ የሚለቅ የለም። የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ነው። ማሳው የመጨረሻ ማረጋገጫ ከመሆን አልፎ የመጀመሪያው መምረጫ ሆነ።

ነባሩን ዝርያ እንዳለ ማደል ብቻ እንደማይበቃም ተመራማሪዎቹ የተረዱ ይመስላል። ብዙዎቹ ነባር ዝርያዎች ረጃጅም ናቸው፤ ለገለባ ጥሩ ነው፣ ማዳበሪያ ሲገባ ግን ይጋሸባሉ። ስለዚህ 50 የኢትዮጵያ ነባር ዝርያዎችን አሳሳ ከተባለው ምርጥ ዱረም ጋር እያዳቀሉ 50 ቤተሰብ፣ 6,280 ልጅ መስመሮች አወጡ። አንዱ ወላጅ በሁሉም ውስጥ የጋራ ስለሆነ፣ በልጆቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ነባሩ ዝርያ ይዞት ከመጣው ጋር ተያይዞ ይነበባል፤ የአካባቢውን መላመድ ከአጭሩና ከጠንካራው ግንድ ጋር የያዘ ልጅ መፈለግም ይቻላል። ከሥራው ሁሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ምናልባት ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን በዚህ መንገድ ይጠፋል። የገበሬ «አንድ ዝርያ» ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ነጭና ቀይ፣ ቀደምና ዘግይቶ የሚደርስ አንድ ላይ ይዘራል። ለዘረመል ንባብ ከአንድ ዛላ የወጣ ንጹህ መስመር ያስፈልጋል። መስመሩ ሲጠራ ድብልቁ የነበረው ዋስትና፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚሸፍነው፣ አብሮ ይቀራል። የተመረጡትን ሁለት ሦስት መስመሮች መልሶ ቀላቅሎ መዝራት ይቻላል፤ የሚቸግረው የመመዝገቢያው ደንብ ነው፤ ደንቡ አንድ ዓይነት፣ የማይለዋወጥና ከሌላው የሚለይ ዝርያ ይጠይቃል።

የዘሩ ሒሳብ

አንድ ገበሬ ከሦስቱ «ለ» ወዶታል እንበል። ያለው ከ10 ካሬ ሜትር የተገኘው ብቻ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል ብንይዝ 150 ግራም 2 ኪሎ ይሆናል፤ 13 እጥፍ ገደማ። ምንም ሳይበላ ቢዘራው በሁለተኛው ዓመት 27 ኪሎ ገደማ፣ በሦስተኛው 355 ኪሎ። ይህ በአራተኛው ክረምት 2.4 ሄክታር ይሸፍናል። ለ1,000 ቤተሰብ ሩብ ሩብ ሄክታር ለማዳረስ 375 ኩንታል ይጠይቃል፤ እሱ የሚደረሰው በአምስተኛው ምርት ነው፣ ያውም በረዶ፣ ወፍና ነቀዝ ካልቀነሱለት። በመስኖ በዓመት ሁለቴ ካልተባዛ ጊዜው አያጥርም።

ያልተመዘገበ ዝርያ ደግሞ በይፋው የዘር አቅርቦት በኩል አያልፍም፤ ማኅበራትና ድርጅቶች የሚያባዙት የተለቀቀውን ነው። የቀረው መንገድ የጎረቤትና የዘመድ ልውውጥ፣ ገበያ ላይ «እገሌ ዘንድ ጥሩ ዘር አለ» መባባልና የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ነው። ይህኛው ባንክ ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዘርን ገበሬው እጅ ላይ እያለ መጠበቅን ሲያራምዱ የነበሩት የዘረመል ሊቁ መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚሁ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። አሠራሩ የቁጠባ ነው፦ ክረምት ሲገባ 10 ኪሎ ተበድሮ ጥር ላይ ከነወለዱ መመለስ። ችግሩ የሚመጣው በክፉ ዓመት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲያጣ ሁሉም አንድ ላይ አይመልስም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝርያ ጥቂት ኪሎ የማይበደር ተብሎ ለብቻ መቀመጥ አለበት።

የሁለቱ ቦታዎች ነገርም አለ። ሐገረ ሰላምም ሆነ የገረገራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት በተለያየ ጊዜ የተነኩ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ዘር በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ይበላል ወይም ይዘረፋል። አዲስ አበባ ያለው ናሙና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ግን ከዚያ የሚወጣው በግራም ነው፣ ከላይ ያለው ሒሳብም ከ150 ግራም ይጀምራል።

ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ ገበሬው ንጽህናውን ለመጠበቅ ብዙ አይቸገርም። ከሌላ ስንዴ ጥቂት ሜትር ማራቅ፣ ዛላው ሲወጣ ቁመቱና መልኩ የተለየውን መንቀል፣ ከማሳው መሐል ያለውን ለዘር ቀድሞ ማጨድ፣ ለብቻው መውቃት፣ ጥርስ ሲነክሰው ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በጀሪካን አሽጎ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ጀሪካኑ ላይ የዝርያው ስም፣ የተሰበሰበበት ወርና የማሳው ስም ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ክረምት «ይህ የረባዳው ነው ወይስ የገመገሙ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው ከዚያ ነው።